ለባስ ተጫዋቹ የተተከለ ድንኳን

ልቅሶ ቤት ገብቶ «ማን ነው የሞተው?» ብሎ መጠየቅ ጂንካ ላይ ነውር ነው። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ደረቱን እየደቃ፣ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለ ከገባ በኋላ የሟቹን ስም ቢጠይቅ፣ ያለቀሰው በባዶ መሆኑን በራሱ ላይ መመስከሩ ነው። ስለዚህ ጨዋ ሰው አልቅሶ ሲያበቃ አግዳሚው ላይ ይቀመጥና አጠገቡ ያለው ሰው በወሬ መሀል ስሙን እስኪያነሣለት ይጠብቃል። አጠገቡ ያለውም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

ይህ ልማድ ባይኖር ኖሮ በ1971 ዓ.ም. ከገና በኋላ ወንድይፍራው ደጃፍ ላይ የተተከለው ድንኳን ባልተተከለ ነበር።

ወንድይፍራው ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ስድስት ኪሎ ተምሮ፣ ተመርቆ፣ ወደ ተወለደበት ከተማ ተመልሶ፣ በአውራጃው ውስጥ ማንም ቆጥሯቸው የማያውቃቸውን ከብቶች ቁጥር እያሳመረ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኗል። ሚስት የለውም። ያለው እናቱ ወይዘሮ ብዙወርቅ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የሸክላ ማጫወቻ፣ እና አንድ የሰላም ጓድ አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት የሄደ አንድ ካርቶን የጃዝ ሸክላ ነው። ከሥራ ሲገባ እግሩን ይታጠብና በሩን ዘግቶ፣ አንዱን ሸክላ አስቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል። በመስኮት ያየው ጎረቤት ጸሎት ላይ ነው ብሎ ይመለሳል። ባትሪ ድንጋዩን የሚሸጥለት ባለሱቁ ኸይሩ ግን ጸሎት አለመሆኑን ያውቃል፤ አንድ ቀን ገብቶ አብሮት ሰምቷልና። ሲወጣ የሰጠው አስተያየት ሰዎቹ ጥሩ እንደሚጫወቱ፣ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዘፈን ይዘው ስለመጡ አስቀድመው ቢነጋገሩ እንደሚሻል ነበር።

በገና ማግስት አመሻሽ ላይ ወንድይፍራው ሬዲዮኑን ከፈተ። ከአሜሪካ የሚተላለፈውን የጃዝ ሰዓት ለማግኘት ጆሮውን ለጥፎ ቁልፉን ሲያሽከረክር፣ አቅራቢው በዚያ በማይቸኩል ድምፁ ባስ ተጫዋቹ ቻርልስ ሚንገስ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ሜክሲኮ ውስጥ ማረፉን ተናገረ። ወንድይፍራው ሳያስበው ጮኸ። ሊያፍነው ሞከረ፤ የባሰ ወጣ።

እናቱ ከጓዳ እየሮጡ መጡ። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ልጃቸው ሲያለቅስ አይተውት አያውቁም። ማን እንደሞተ ጠየቁት፤ እናት መጠየቅ ትችላለች። ስሙን ነገራቸው። ስሙ ግን ምንም አላስታወሳቸውም።

«የቱ ነው እሱ?»

«ባሱን የሚመታው።»

«ያ ከግድግዳው ወዲያ ዱም ዱም ሲል የሚያመሸው?»

«እሱ ነው እማዬ።»

ወይዘሮ ብዙወርቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ልባቸው ደካማ ነው። እንቅልፍ እምቢ ባላቸው ምሽት ሁሉ ከወዲያኛው ክፍል የሚመጣው ዱምታ ከልባቸው ምት ጋር እየገጠመ፣ ልባቸው ስትቸኩል እየጠበቃት፣ ስትደክም እየቀሰቀሳት ያስተኛቸው ነበር። ከዚያ ሰውዬ ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ ተለያይተው ዓመታት ኖረዋል። ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱና እሳቸውም ጀመሩ። የእሳቸው ድምፅ ደግሞ ከገበያው ወዲህ ላለው ሁሉ ይበቃል።

የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ኤርጎ ቤቱ ከአጥሩ ማዶ ነው። ሰማ፤ ጨዋ ሰው ነውና አልጠየቀም። ሲነጋጋ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጀምሮ እስከ ገበያው ድረስ እየነፋ «የእትዬ ብዙወርቅ ቤት ልቅሶ ነው፣ ዕድርተኛ ድንኳን ትከሉ» እያለ ለፈፈ። የጃዝ ሰው በጡሩምባ ሲሸኝ በዓለም ላይ የመጀመሪያው አልነበረም፤ በጂንካ ግን የመጀመሪያው ነው።

ወንድይፍራው ያበጠ ዓይኑን ይዞ ሲወጣ ድንኳኑ ቆሟል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ንፍሮው ተጥዷል። በዚያች ሰዓት እውነቱን ቢናገር ሰዎቹ ትንሽ ተቆጥተው፣ ትንሽ ስቀው፣ ድንኳኑን ጠቅልለው ይሄዱ ነበር። አፉን ሊከፍት ሲል አንድ ነገር ታወሰው። ያ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተው መለኪያ እያንኳኩ ለሚያወሩ ሰዎች ነው። አሁን የማያውቁት ሰዎች፣ አንዲት ኖታ ሳይሰሙለት፣ ከነቤተሰባቸው መጥተው በዝምታ ተቀምጠውለታል። ይገባዋል፣ አለ ወንድይፍራው በሆዱ። ነጠላውን አዘቅዝቆ የሐዘንተኛው ቦታ ላይ ተቀመጠ።

ሰው መጣ። ከሰፈሩ መጣ፤ ከሰፈሩ ውጭ መጣ፤ ከጎረቤት ከተማ ከገዘር በጭነት መኪና ተጭኖ መጣ። ኸይሩ ሱቁን ዘግቶ ጎረቤቶቹን ነጋዴዎች አስከትሎ መጣ። ወንድይፍራው መጀመሪያ ለቻርልስ ኮራ። ቀትር ላይ ግን ግራ ገባው፤ ልቅሶው ለአንድ ባስ ተጫዋች በዛ። የማያውቃቸው እናቶች መሬት ላይ ይንደባለላሉ። በሕይወቱ «እንደምን አደርክ» ብሎት የማያውቅ የትምህርት ቤት ዘበኛ አንገቱን አቅፎ አልለቅም አለ።

ነገሩ የገባው ቀስ ብሎ ነው። አምናና ካቻምና ከዚያች ከተማ እየተወሰዱ የቀሩ ልጆች ነበሩ። ለእነሱ ድንኳን አልተተከለም፤ ጡሩምባ አልተነፋም። ጥቁር ለብሳ የወጣች እናት ቀበሌ ተጠርታ ነጭ ለብሳ ተመልሳለች። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ሀብተ ማርያም ራሳቸው ታደለ የሚባል ልጃቸው አርባ ምንጭ ላይ ሲቀር፣ በማግስቱ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው አጨብጭበዋል። ያ ሁሉ ዕንባ ሲጠራቀም ከርሞ አሁን ሕጋዊ ድንኳን አገኘ። ማንም ማን እንደሞተ ያልጠየቀው በጨዋነት ብቻ አልነበረም፤ ቢጠይቅ የራሱን ሰው ለማልቀስ ያገኛት ቀዳዳ እንዳትደፈንበት ፈርቶ ጭምር ነው።

ልማዱ የማይመለከታት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ አልቃሿ ሙሉነሽ። ሌላው ስም ሳያውቅ ማልቀስ ይችላል። እሷ ግን ሟቹ ምን እንደዋለ፣ ማንን እንደወደደ፣ ማንን እንደናቀ ካላወቀች ግጥም አይመጣላትም። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ወንድይፍራውን ከጓሮው እንሰት ጥላ ሥር ጠራችና ሳትለሳለስ ገባችበት።

«በል እንግዲህ ንገረኝ። ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

ወንድይፍራውን ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። ስድስት ኪሎ እያለ ጓደኞቹ ሁሉ የሚከራከሩት የትኛው አብዮት እንደሚቀድም ነበር፤ እሱ ስለ ሙዚቃ ሲያነሣ ንዑስ ከበርቴ ይሉታል። አሁን አንዲት ፊደል ያልቆጠረች ሴት ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ጠበቀችው። ተናገረ።

ባስ ማለት ከሚጫወተው ሰው የሚረዝም፣ ሆዱ ሰፊ፣ ባለ አራት ጅማት የእንጨት ዕቃ መሆኑን ነገራት። በሌላው ሙዚቃ ባስ የሚመታ ሰው ከኋላ ይቆማል፤ እንደ ቤት መሠረት ነው፣ መሠረት ደግሞ ማንም አያይም። ይሄ ሰውዬ ግን መሠረቱን ፈንቅሎ ደጃፍ ላይ አቆመው። ያደገበት ቤት ከቤተ ክርስቲያን ዜማ በስተቀር ምንም የማይፈቀድበት ነበር፤ በልጅነቱ አንድ ቀን በሬዲዮ የዱክ ኤሊንግተንን ባንድ ሰማና ልቡ ሸፈተ፤ ግን የቤተ ክርስቲያኑን እልልታና ጭብጨባ አልጣለውም፣ ይዞት ነው የሸፈተው። ሀብታሞች እያወሩ ሲጠጡበት ጨዋታውን ያቆምና ልክ ልካቸውን ይነግራቸዋል። አብሮት የሚጫወት ሰው ከሰነፈ እዚያው መድረክ ላይ ያባርረዋል።

ሙሉነሽ «ጠባዩስ?» አለችው። ወንድይፍራው ሟች አይታማም ብሎ ሊሸፍን አሰበና ተወው፤ ቁጡ እንደነበር፣ በቦክስ እንደሚማታ፣ ከራሱ ከኤሊንግተን ባንድ እንኳ በጠብ እንደተባረረ ሳይደብቅ ነገራት። ሙሉነሽ በደስታ ራሷን ነቀነቀች። ደግ ሟች ለሙሾ አይመችም፤ ስለ ደግ ሰው ከሁለት ስንኝ በላይ አይገኝም።

«አሟሟቱስ?»

እጅና እግሩ እየከዱት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገፋ፣ ጣቱ ጅማት መንካት ሲያቅተው ዜማውን በአፉ እያንጎራጎረ በቴፕ ይቀዳ እንደነበር ነገራት።  

ከዚያ ወዳጆቹን ጠየቀች፤ በሙሾ ሟቹን ከወዲያ የሚቀበሉት ቀድመው የሞቱት ናቸውና። ወንድይፍራው ዘረዘረላት። ሉዊ አርምስትሮንግ፤ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ጡሩምባ የሚነፋ፣ ሲስቅ እንኳ ድምፁ እንደ ወፍጮ የሚፈጭ። ቢሊ ሆሊዴይ፤ ሁልጊዜ ከምቱ ትንሽ ዘግይታ የምትገባ፣ ለራሷ ሠርግ ዘግይታ እንደምትመጣ ሙሽራ፣ ሁሉም የሚጠብቃት። ጆን ኮልትሬን፤ አንዲት ዜማ ይዞ «ካልባረክኸኝ አልለቅህም» እንደሚል ሰው ሌሊቱን የሚታገላት። ኤሊንግተን ራሱ፤ አዲስ አበባ መጥቶ ሲጫወት ወንድይፍራው ትኬት አጥቶ ከበሩ ውጭ ቆሞ የሰማው። ስለ በሩ ሲነግራት፣ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሙዚቃው እየተቆራረጠ ይደርሰው እንደነበር፣ ግን ያቺ ቁራጭ ይዞት ከመጣው ዲግሪ ሁሉ እንደምትበልጥ ነገራት። ሙሉነሽ ስለ ዲግሪው ምንም አላለችም። ስለ ሴትየዋ ግን ደግማ ጠየቀች፤ አበባ ጠጉሯ ላይ ትሰካ እንደነበር ስትሰማ «አወቅኋት» አለች።

ድንኳኑ ውስጥ ገብታ መሀል ቆመች።

አራት ጅማት ወጥሮ እንጨት ያናገረ፣
ሲያወሩበት ቆሞ ጌቶች ያሳፈረ።

ሰዉ ተንሰቀሰቀ። ቀጠለች።

እጅ እግሩን ቢነሡት በአፉ የዘፈነ፣
እንኳንስ አለቃ ሞትን ያልለመነ።

«አለቃ» የምትለዋ ቃል ድንኳኑ ውስጥ እንደ ድንጋይ ወደቀች። ጋሽ ሀብተ ማርያም ከአግዳሚው ተነሥተው፣ ዳኝነታቸውን ረስተው፣ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። ሙሉነሽ አየቻቸውና ወደ እሳቸው ዞራ ጨረሰች።

ተነሥ አንተ ሉዊ ጡሩምባህን ንፋ፣
ወንድምህ መጣልህ ሣጥኑን ሲገፋ።

«ሉዊ» የሚባል ዘመድ ደግሞ በአውራጃው የለም። ሰው ወደ ኸይሩ ዞረ፤ ኸይሩ ደግሞ ሲጠየቅ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነው። ከምሳ በፊት ሟቹ አሜሪካዊ ሙዚቀኛ መሆኑን የማያውቅ አልቀረም። ሁሉም ሰማ፤ ማንም አልተነሣም። አልቅሶ መካድ ሳይጠይቁ ከማልቀስ የባሰ ነውር ነው። አንድ ሽማግሌ ብቻ ሰውዬው ክርስቲያን መሆኑን አጣርተው ንፍሯቸውን ቀጠሉ።

ጋሽ ሀብተ ማርያም ወንድይፍራውን ለብቻው ወሰዱት። አልተቆጡም። የዕድሩ ደንብ ድንኳን የሚፈቅደው ለእናት፣ ለአባት፣ ለልጅ፣ ለባልና ሚስት፣ ለወንድምና ለእህት መሆኑን አስታወሱት። ከዚህ ውጭ ድንኳን ያስተከለ አባል ከነቤተሰቡ ይሠረዛል። ከነቤተሰቡ ሲሉ ወደ ጓዳው አዩ። ወይዘሮ ብዙወርቅ የዕድሩ መሥራች ናቸው። ዶክተሩ ስለ ልባቸው ከነገራቸው ወዲህ ሞታቸውን እንደ ሠርግ ደግሰው የጨረሱ ሴት ናቸው፤ መገነዣቸው ተዘጋጅቷል፣ የሚሸከሟቸው ጎረምሶች ተመርጠዋል፣ ማን ቀድሞ እንደሚያለቅስ ሳይቀር ተነግሮታል። በዚህ ዓለም የቀራቸው ምኞት ብዙ ሰው ቆሞላቸው መቀበር ብቻ ነው። ልጃቸው ከተሠረዘ ግን ጡሩምባ የሚነፋላቸው፣ ጉድጓድ የሚቆፍርላቸው የለም።

መፍትሔውንም ይዘው ነበር የመጡት።

«አባትህ ኮሪያ ዘምተው የለ? ከአሜሪካኖች ጋር አንድ ምሽግ ነው የኖሩት። የአባቴ ልጅ ነው በል፤ ማን ያጣራል።»

ወንድይፍራው ሟቹ አባቱን በሦስት ዓመት እንደሚበልጣቸው አስረዳ። ጋሽ ሀብተ ማርያም ዕድሜ ደንቡ ላይ እንዳልተጻፈ ነገሩት። በዚህ መሀል ጓዳ ሆነው የሚሰሙት ወይዘሮ ብዙወርቅ ጣልቃ ገቡ፤ ባላቸው ከኮሪያ ይዘውት የመጡት ብርድ ልብስና ሳል ብቻ መሆኑን፣ በመቃብራቸው ላይ ውሽማ የሚጨምርባቸው ሰው ቢኖር ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ከዕድሩ እንደሚያሠርዙት ተናገሩ። ጋሽ ሀብተ ማርያም ይቅርታ ጠይቀው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ካድሬው ጓድ ጎሳዬ መጣ። ጎሳዬ የሰፈሩ ሰው አይደለም፤ በአውሮፕላን የወረደ ነው። ሊያፈርስ ነበር የመጣው። ድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ ግን ቆመ፤ ፊቱ ላይ ቅናት የመሰለ ነገር አለፈ። እሱ በየሳምንቱ ስብሰባ ሲጠራ፣ የቀረ እንደሚቀጣ እያስጠነቀቀ፣ የሚመጣለት ሰው ግማሹ ያንቀላፋል። እዚህ ግን ሳይጠራ የመጣ፣ ሳይቀጣ የተቀመጠ፣ ሳይታዘዝ የሚያለቅስ ሕዝብ ሞልቷል። ጎሳዬ ሐሳቡን ለወጠ።

ወንድይፍራውን በትሕትና አነጋገረው። ጥቁር አሜሪካውያን የኢምፔሪያሊዝም ግፍ ሰለባዎች መሆናቸውን፣ ሟቹም በዚህ ዓይን ሲታይ ታጋይ መሆኑን፣ ስለዚህ ነገ በሠልስቱ ጠዋት ወንድይፍራው «ጓድ ቻርልስ» ብሎ ቢያስተዋውቀውና ሕዝቡ ግራ እጁን አንሥቶ የአቋም መግለጫ ቢያወጣ፣ ድንኳኑም ዕድሩም እንደማይነኩ አረጋገጠለት። መግለጫው ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለሌላ ጊዜ የተጻፈ ነው፣ የሟቹ ስም የሚገባበት ቦታ ብቻ ክፍት ነው። እምቢ ካለስ? የዕድሩ ማኅተም ያለው ቀበሌው እጅ ነው። ለአሜሪካ ያለቀሰ አድኃሪ ከነእናቱ ይሠረዛል።

ወንድይፍራው ሟቹ በእርግጥ ስለ ግፍ ብዙ መጫወቱን ያውቃል፤ በዚህ የጎሳዬ ነገር እውነት አለበት፤ ያናደደውም እሱ ነው። ግን ነገ «ጓድ» ቢለው፣ እነዚያ እናቶች ልጆቻቸውን ያስቀሩባቸውን ሰዎች መፈክር ተቀብለው ሊያስተጋቡ ነው። ለቻርልስ ያፈሰሱት ዕንባ ደረሰኝ ሊቆረጥለት ነው። «ወንድሜ» ቢል ደግሞ ውሸት ነው፤ ደግ ውሸት፣ እናቱን የሚያስቀብር ውሸት። ያን ምሽት ራት አልበላም። እናቱም «ምን ልትል ነው?» ብለው አልጠየቁትም፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ጠዋት ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጎሳዬ ሁለት ጠመንጃ የያዙ አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ጋሽ ሀብተ ማርያም ከጎኑ ናቸው፤ «ወንድሜ በል» በሚል ዓይን ይለምኑታል። ወንድይፍራው ተነሣ። ጎሳዬ ወደ አንደኛው ጠባቂ ጎንበስ ብሎ ስለ መግለጫው ያንሾካሽክ ጀመር። ወንድይፍራው ዝም አለ። ጎሳዬ ሲያንሾካሽክ ዝም አለ። ሰዉ ወደ ጎሳዬ ዞረ፤ ጎሳዬ ቀና ሲል ድንኳኑ ሙሉ ዓይን ሆኖ ጠበቀው። መግለጫውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ያኔ ወንድይፍራው ጀመረ።

«የሞተው ወንድሜ አይደለም። አባቴ አልወለደውም። ጓድም አይደለም፤ ለማንም ብሎ እጁን አላነሣም። ባስ ተጫዋች ነው። እኔ ከዚህ ከተማ ከወጣሁም ከገባሁም ወዲህ ብዙ ሰው እንዲህ ሁን፣ እንዲህ በል ብሎኛል። እሱ ምንም ሁን ብሎኝ አያውቅም። በሩን ዘግቼ ስሰማው ግን ሰው መሆኔ ትዝ ይለኛል። ስለወደድኩት አለቀስኩ። እናንተም አልቅሳችሁለታል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ማን ብላችሁ እንዳለቀሳችሁ አልጠይቃችሁም። ነውር ነው።»

ተቀመጠ።

ከሴቶቹ በኩል የታፈነ ነገር ተሰማ። ጎሳዬ ተነሥቶ ስለ አድኃሪ ባህል፣ ስለ አምስተኛ ረድፈኛ፣ ስለ ባስ ሳይቀር ተናገረ፤ የሚሰማው አልነበረም። በመጨረሻ ወደ ጋሽ ሀብተ ማርያም ዞሮ ውሳኔውን እንዲያሰሙ አዘዘ። ጋሽ ሀብተ ማርያም ወንድይፍራውና ወይዘሮ ብዙወርቅ ከዛሬ ጀምሮ ከዕድሩ የተሠረዙ መሆናቸውን ተናገሩ። ከዚያ ዕድርተኛው ድንኳኑን እንዲነቅል ታዘዘ። ከአግዳሚው የተነሣ የለም። ኤርጎ ጡሩምባውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጫማውን ይመለከታል። ጎሳዬ ጠባቂዎቹን ላከ። ገመዱ ተፈታ፣ ምሰሶው ወጣ፣ ሸራው እንደ ሰከረ ሰው ተዝረክርኮ ወደቀ። ሰዉ ፀሐይ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

ጎሳዬ እንዲበተኑ አዘዘ። ደስ ብሏቸው ይታዘዙ ነበር፤ ግን ልቅሶ ቤት የመጣ ሰው ለሐዘንተኛው ሳይናገር ብድግ ብሎ አይሄድም። ስለዚህ ተሰለፉ። አንድ በአንድ እየመጡ፣ ከወንድይፍራው ፊት ጎንበስ እያሉ፣ በጎሳዬ ፊት፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ «እግዜር ያጥናህ» አሉት። ኸይሩ «አላህ ያጥናህ» ብሎ እጁን ጨበጠውና ባትሪ ድንጋይ አዲስ እንደገባ አክሎ ነገረው። አንዳንዶቹ እናቶች ከተናገሩ በኋላ ተመልሰው ሰልፉ ጫፍ ላይ ሲቆሙ ታይተዋል። ጎሳዬ ሰዓቱን ያያል፤ ጠባቂዎቹ ያዛጋሉ። ከሁሉ በኋላ ጋሽ ሀብተ ማርያም መጡ። በገዛ አንደበታቸው የሠረዙት ሰው ፊት እንደ ሌላው ጎንበስ አሉ።

«ታደለም ሙዚቃ ይወድ ነበር» አሉት። «ያጥናን።»

ግቢው ባዶ ሲሆን ጎሳዬ ወደ ወይዘሮ ብዙወርቅ ጠጋ አለ። እሳቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር። ድምፁን አለሰለሰ፤ የሰፈሩ ሰው በማይኖርበት ጊዜ እንደ ልጅ ሊናገር የሚሞክር ሰው ድምፅ።

«እማማ፣ እኔ አልፈለግሁም። ቀባሪ ያሳጣዎት የገዛ ልጅዎ ነው።»

ወይዘሮ ብዙወርቅ ልጃቸውን አዩ። ወንድይፍራው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሦስቱም ቀን አልፈራም፤ አሁን ፈራ።

«ቀባሪ የሚያጣ የሞተ ሰው ነው» አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ። «እኔ መች ሞትኩ? ልጄ የወደደውን ሰው ክዶ እንዲያስቀብረኝ አልፈልግም። እናንተ እስክትሄዱ እቆያለሁ።»

ጎሳዬ ሳቀ። «የት እንሄዳለን እማማ?»

«እኔ ምን አውቄ። አልቸኩልም።»

ያን ዕለት ምሳቸውን ሁለት ጊዜ በሉ። በማግስቱ ጠዋት ሸራ ጫማቸውን አድርገው ወጡና የአውሮፕላን ማረፊያውን ሜዳ በዝግታ ዞሩት። ዶክተሩ ሲመክራቸው የኖረው ይህንኑ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ግን ሞታቸው ተደግሶ ያለቀ ስለነበር መልፋቱ አልታያቸውም። ከዚያ ወዲህ ልማድ አደረጉት። አውሮፕላን ሲመጣ ከብቶቹን ከሜዳው ለማባረር ሳይረን ይነፋል፤ ወይዘሮ ብዙወርቅም ከከብቶቹ ጋር ዳር ወጥተው ይቆሙና የሚወርደውንና የሚሳፈረውን ያያሉ።

ጎሳዬ በዓመቱ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ሻንጣውን ይዞ ሲሳፈር ከሳሩ ጫፍ ቆመው አዩት፤ አልተሰናበቱትም። ከእሱ በኋላ የመጣው ሁለት ዓመት ቆየ። እሱንም ሸኙት። ሦስተኛው በሙስና ተከሶ፣ ጠባቂ በግራና በቀኝ ይዞት ሲሄድ፣ ወይዘሮ ብዙወርቅ ጉንፋን ይዟቸው ነበርና ጋቢ ደርበው ወጡ። ወንድይፍራው በዚህ ብርድ መውጣታቸውን ሰምቶ ከቢሮ እየሮጠ መጣና ክንዳቸውን ያዘ፤ ወደ ቤት እንግባ አላቸው። እሳቸው ግን የሚያዩት ከአውሮፕላኑ የሚወርደውን አዲስ ሰው ነበር። ወጣት ነው፤ መነጽር አድርጓል፤ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ደረጃውን ይወርዳል።

«ይሄስ አይቆይም» አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ፣ የልጃቸውን እጅ ከክንዳቸው እያላቀቁ። «አንተ ወደ ሥራህ ሂድ። እኔ አንድ ዙር ይቀረኛል።»